የመጥረጊያ ተራ

ሦስት ነን ባጠቃላይ፥ ደሞዝ የለን፥ ማዕረግ፤
በቮሮ ቋንቋ መዝገበ ዕውቀት በር ላይ የቆምን፥ ዘበኛም፥ ጠራጊም፥ አስታራቂም በወግ።

ኤንዴል አውቶቡስ ነጂ ነው፥ ከቮሩ ሮውጌ መስመር፤
በየማቆሚያው ስልኩን አውጥቶ የላላ ዓረፍተ ነገር ሲያስር
"ንዳ እንጂ!" ትለዋለች አሮጊት፥ ከኋላ ድንች ታቅፋ፤
ይነዳል። ልቡ ግን እዚያው፥ ምንጭ ፍለጋ ሲለፋ።

ሄልዩ የወተት ፋብሪካ፥ ሠላሳ ዓመት የመረመረች፥
ጡረታ ወጥታም ነገርን አሽትታ፥ ሳትቀምስ፥ "ኮምጥጧል" የምትል ነች።

ሦስተኛው እኔ ነኝ፤ እንጨት መሰንጠቂያ፥ የሌሊት ፈረቃ፤
አንዷ ዓይኔ መጋዙ ላይ፥ አንዷ የለውጦች ዝርዝር ላይ፥ ከእንቅልፍ ርቃ።

"አስተዳዳሪ" ይሉናል። ቃሉ ወንበር ያለው ይመስላል፥ ማኅተም፥ ጸሐፊ፤
እኛ ግን የያዝነው መጥረጊያ ነው፤ ቤቱ የጋራ፥ እኛ አላፊ።

ስብሰባ ስንጠራ ሰባት ሰው ይመጣል፥ ከቤተ መጻሕፍቱ ምድር ቤት፤
አምስቱ ይስማማሉ፥ አንዱ ይተኛል፥ ኡርማስ ይቃወማል፥ "ማን ሾማችሁ?" በሚል ስሜት።
ስለ ጭስ ሳውና ብቻ፥ በእንጨቱ፥ በቅጠሉ፥ በስሙ አጻጻፍ፥
አራት ወር ተከራከርን። እሱና ሄልዩ ገበያ ቢገናኙ፥ ዓይን ወደ መሬት፥ ዝም ብሎ ማለፍ።
"ድምፅ እንቁጠር" ሲል ኤንዴል፥ "የለም" አለች፥ "እስኪገባን እንነጋገር፤
በቁጥር የተሸነፈ ሰው መጥረጊያ አያነሣም፤ አኩርፎ ነው የሚቀር።"

በጥር፥ አንድ ማክሰኞ፥ ልጆች ለምሳ ሲወጡ፥
የታሙላ ሐይቅ ገጽ ባዶ ሆነ፤ ዳሩም፥ ዓሣውም፥ ወፉም ባንድ ጊዜ ታጡ።
በቦታው አንድ መስመር፦ "ሐይቁ የለም። ጠጥቼዋለሁ።"
ሄልዩ መለሰችው። ተሰረዘ። መለሰችው። "ነገርኩሽ፥ ጠጥቼዋለሁ።"
በአራተኛው አገደችው፤ ሦስት ቀን፥ እንደ ደንቡ፥ እጇ ሳይንቀጠቀጥ፤
አድራሻውን ስታይ ግን ሳቀች፥ ሳቋም በመካከሉ ቀጥ፦
የሁለተኛ ደረጃው ትምህርት ቤት ነው፤ ቅዳሜ "ኑና ጻፉ" ብላ
ልታስተምር የተጠራችበት። ጋባዡን ቆልፋ ልትቆም ነው፥ ከበሩ ኋላ።

ሄደች። ዐሥራ አንድ ልጆች፥ እርጥብ ካፖርት፥ የብርቱካን ሽታ፤
"ስንት ይከፈልሻል?" አለቻት አንዲት፥ ጸጉሯን ጠምዝዛ ፈትታ።
"ምንም።" "ታዲያ ለምን?" ሄልዩ መነጽሯን አወለቀች፥
"ወተት ስመረምር ሠላሳ ዓመት፥ ጠጪዎቹን አንድም ቀን አላየሁ" አለች።

ታኔል የሚሉት ልጅ፥ ጆሮው የቀላ፥ ኮቱን ያላወለቀ፥
"የኛን ኮምፒውተር የዘጋው ማን ነው?" ብሎ ጠየቀ።
"እኔ ነኝ።" ክፍሉ ጸጥ አለ፤ የማሞቂያው ቱቦ ብቻ አንኳኳ።
"ማን እንደጠጣው አልጠይቅም። ጥልቀቱ ግን ከገጹ ላይ ጎድሏል፥ ማንም ምንጭ ሳይጠቅስ፥ ሳይለካ።"

"እኔ ለክቻለሁ" አለ፥ "ካጎቴ ጋር፥ በረዶ በስተን፥ በገመድና በድንጋይ።"
"አምንሃለሁ። ግን አይጻፍም። ያየኸውን ሌላው የሚያይበት መንገድ አሳየኝ፥ ባደባባይ።"
ተናደደ። በሩን ገጭ አድርጎ ወጣ፤
ግማሽ ሰዓት ቆይቶ፥ አቧራ የበላው የዓሣ ሀብት መዝገብ፥ ከመደርደሪያ ጀርባ ይዞ መጣ።
ቁጥሩ ከገመዱ በአንድ ክንድ ይለያል። ማን እንደተሳሳተ አይታወቅ፤
የመጽሐፉን ጻፈ፤ የገመዱን በሆዱ ያዘ፥ ቀኑን ሊጠብቅ።

በዚያው ማታ ኡርማስ ሰረዘበት፥ "የገጽ ቁጥር የለውም" ብሎ።
ሄልዩ ስልክ አነሣች፤ ደግሞም አስቀመጠች።
ጠዋት ስናይ ተመልሷል፤ ሌሊት፥ ማንም ሳይለምነው፥ ራሱ ኡርማስ፥ ቁጥሩን አስተካክሎ።

በመጋቢት ስምንት ሆንን። ሄልዩ የለችም፤ ዓይኗን ልትታከም ታርቱ ሄዳለች።
ታኔል ኮቱን አወለቀ። "ዛሬ የማን ተራ ነው?" አለ ኤንዴል፤
የእኔ ነበር።

በነጋታው በሐይቁ ዳር አለፍኩ፥ ከፈረቃ ስወጣ፤
በረዶው ቀልጧል። ቆሜ አየሁት፦ አለ። ሞልቷል። ዳሩ ላይ አንዲት ዳክዬ ብቻ፥ ጎንበስ ብላ ስትጠጣ።